ቆይ የሚባል ተለጣፊ፣ ቆይ የማይባል ሙጫ

(የድሮ ወረቀት ለሚሰበስቡ ሰዎች የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። በፖስት ካርድ ጀርባ የቀረ የዋጋ ወረቀት። በመጽሔት ሽፋን ላይ የተለጠፈ ስቲከር። የተቀደደ ካርታ እንዳይበላሽ ብሎ አንድ ሰው በቅንነት የለጠፈው ስኮች። ከዚያ ደግሞ ስቲከሩ ከሄደ በኋላ የሚቀረው አቧራ የሚሰበስብ ጥቁር ቅሪት። የድሮ ወረቀት የሚሰበስብ ሰው እነዚህን በደንብ ያውቃቸዋል። ዕቃውን ይወደዋል። ያቺን ነገር ባያት ቁጥር ግን ጣቱ አያርፍም።

ሰዎች ሲያገኙኝ «በምን ላስለቅቀው?» ይሉኛል። እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ። ሙጫው ምን ዓይነት ነው? ወረቀቱስ? ደግሞስ የግድ መነሳት አለበት? ይህን ስል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። የሚፈልገው የአንድ ፈሳሽ ስም ነው። የፈሳሽ ስም እነግራችኋለሁ፤ ግን ቆይቼ ነው። ምክንያቱም አንዳንዱ ተለጣፊ ሃምሳ ዓመት ቢቀመጥ ወረቀቱን አይጎዳውም። ሌላው ግን ዝም ባልነው ቁጥር ወደ ውስጥ እየሰረገ ይሄዳል። መቸኮል ያለብን የቱ ላይ እንደሆነ ካላወቅን፣ መታገሥ ባለብን ላይ ቸኩለን መቸኮል ያለብንን ትተነው እንኖራለን።

ከሙጫው እንጀምር። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሙጫ በሁለት ትልልቅ ወገን ይከፈላል። አንዱ ውሃ የሚፈታው ነው። ከስታርች የሚሠራው፣ የግራር ሙጫ፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣው እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሲደርቅ ይይዛል፤ ሲርስ ይለቃል። በ1840 እንግሊዝ ያወጣችው የዓለም የመጀመሪያው ተለጣፊ የፖስታ ቴምብር ጀርባው የተቀባው በዚህ ዓይነት ሙጫ ነበር። የድሮ መጽሐፍ ሻጮች ትንንሽ መለያ፣ የቤተ መጻሕፍት ቁጥር፣ ተጓዦች ሻንጣቸው ላይ የሚለጥፉት የሆቴል ምልክት፣ አብዛኛው እንዲህ ነው የተለጠፈው።

ሁለተኛው ወገን ውሃ አይፈልግም። ጫን ስትሉት ይጣበቃል። ይህ ለወረቀት የተስፋፋው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። የ3ኤም ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ድሩ በ1925 የመኪና ቀለም ለሚቀቡ ሰዎች የወረቀት ፕላስተር ሠራ። በ1930 ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን ግልጽ ስኮች አመጣ። በ1935 ስታንተን ኤቨሪ ከጀርባው ተልጦ የሚለጠፍ መለያ ማምረት ጀመረ። እነዚህ ዓመታት ለሥራችን ይጠቅማሉ። አንድ ምልክት ከ1920ዎቹ በፊት ለመለጠፉ ማስረጃ ካላችሁ፣ ውሃ የሚፈታው ሙጫ ነው ብላችሁ መነሳት ትችላላችሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ሁለቱንም ሊሆን ስለሚችል መሞከር አለበት።

ሙከራው ቀላል ነው። በጥርስ እንጨት ጫፍ ላይ ትንሽ ጥጥ ጠቅልሉ። ጥጡን በውሃ ነካ አድርጋችሁ አርጥቡትና ጨምቁት። ከዚያ የተለጣፊውን ጠርዝ፣ ወረቀቱን ሳይሆን ተለጣፊውን፣ ንኩት። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ጠርዙ ካበጠና ከተንሸራተተ የውሃ ሙጫ ነው። ምንም ካልመሰለው፣ በተለይ ዙሪያው ቢጫ ከሆነና ቅባት የነካው ከመሰለ፣ ከጎማ የተሠራ ተጣባቂ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነውና። ከጎማ የሚሠራው ሙጫ ሲያረጅ በሦስት ደረጃ ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ፊት ለፊት ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ወረቀቱ ውስጥ ገና አልገባም። በዚህ ጊዜ ብታነሱት ብዙ ጊዜ በሰላም ይነሳል። ቀጥሎ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይለሰልሳል። ይቀልጣል ማለት ይቻላል። ቅባታም ይሆንና በወረቀቱ ቃጫዎች መካከል ይሰርጋል። ወረቀቱ በዚያ ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከጀርባው ያለው ጽሑፍም ይታያል። በመጨረሻ ይደርቃል። ቡናማ ይሆናል። ላዩ ላይ የነበረው ፕላስቲክ በራሱ ጊዜ ረግፎ ይወድቃል። ቡናማው ምልክት ግን ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ይፈታው የነበረ ፈሳሽ አሁን እምብዛም አይነካውም።

ስለዚህ ስኮች አይታችሁ «ውሎ አድሮ አነሳዋለሁ» አትበሉ። መካከለኛው ደረጃ ላይ ያለ፣ ገና የሚያጣብቅና ቢጫ መሆን የጀመረ ስኮች ካያችሁ፣ ከስብስባችሁ ሁሉ ቀድሞ ተራ የሚሰጠው እሱ ነው። ቡናማ ሆኖ ፕላስቲኩ የረገፈው ግን የደረሰው ደርሶበታል። እሱ ሌላ አሥር ዓመት ቢጠብቅ ለውጡ ጥቂት ነው።

የዚህን ጉዳት ትልቅ ምሳሌ ልጥቀስ። የሙት ባሕር ጥቅሎች የሚባሉት ጥንታዊ የሃይማኖት ጽሑፎች ከ1947 ጀምሮ ሲገኙ በሺህ የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ነበሩ። በ1950ዎቹ ያጠኗቸው ምሁራን ቁርጥራጮቹን ያገጣጠሙት በስኮች ነበር። በጊዜው ከዚያ የተሻለ ዘዴ አልታያቸውም። አብዛኛው ጥቅል ብራና ነው፤ ሆኖም ሙጫው እዚያም ሰርጎ ገባ፣ አጠቆረ። በ1991 ለጥቅሎቹ የተለየ የጥበቃ ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። የባለሙያዎቹ ትልቁ ሥራ ያንን ስኮችና ቅሪቱን ማንሳት ሆነ። ሁለት ሺህ ዓመት የቆየን ጽሑፍ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አደጋ ላይ የጣለው ሊረዳው የተለጠፈ ነገር ነው።

ቴምብር የሚሰበስቡ ደግሞ የ1974ቱን የአሜሪካ የገና ቴምብር ያውቁታል። ርግብ ያለበት ነው። አሜሪካ በራሱ የሚጣበቅ ቴምብር ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ሴራሊዮን በ1964 ቀድማት ነበር። የአሜሪካው ቴምብር ሙጫ ወረቀቱን ዘልቆ ወጣና ፊቱን አቆሸሸው። ማንም ባይነካው፣ በአልበም ውስጥ በክብር ቢቀመጥም ይበላሻል። አሁን ንጹሕ ሆኖ የተረፈ ማግኘት ከባድ ነው። አሜሪካ እንደዚያ ዓይነት ቴምብር እንደገና የሞከረችው በ1989 ነው።

አዳዲሶቹ የስቲከር ሙጫዎች ብዙዎቹ አክሪሊክ ከሚባል ሰው ሠራሽ ነገር ነው የሚሠሩት። እነዚህ እንደ ጎማው ቶሎ ቢጫ አይሆኑም። ነገር ግን ቀስ እያሉ ወደ ወረቀቱ ይገባሉ፤ በቆዩ ቁጥር አያያዛቸው ይጠነክራል። ይህን ያህል ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንሂድ። ወረቀት እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቃጫ ነው። ሙጫው ቃጫውን ከያዘው በኋላ ስትጎትቱ ሁለት ነገር ይሆናል፤ ወይ ሙጫው ይለቃል፣ ወይ የላይኛው ቃጫ ተገፎ ከስቲከሩ ጋር ይሄዳል። ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር ሲነሳ አይታችሁ ይሆናል። ያ የወረቀቱ ቆዳ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እዚህ ግን ከፈሰሰ በኋላ የሚለቀም የለም። ሥዕሉም ጽሑፉም አብሮ ሄዷል።

ሻካራና ውሃ ጠጪ ወረቀት፣ እንደ ጋዜጣና እንደ ርካሽ የድሮ መጽሔት ያለው፣ ፈሳሽ ሲነካው ወዲያው ይመጠዋል። ፈሳሹ ሲደርቅ የተሸከመውን ቆሻሻ ሁሉ ጠርዙ ላይ ትቶ ይሄዳል። ቀለበት የመሰለ ምልክት የሚቀረው ለዚህ ነው። አንጸባራቂው ወረቀት ሌላ ነው። ላዩ ላይ ነጭ ሸክላ አፈርና ማያያዣ ተቀብቶበታል። ሙጫው ቶሎ ስለማይገባው ስቲከር በቀላሉ ይላቀቃል። ውሃ ግን ጠላቱ ነው፤ ቅቡ ይለሰልስና በጣት ይነሳል። የሙዚቃ ሸክላ ሽፋኖችና የመጽሐፍ መሸፈኛዎች አንዳንዴ ከላይ ቫርኒሽ ወይም ስስ ፕላስቲክ አላቸው። እነዚህ ከሁሉም ይቀላሉ። ግን ጠርዛቸው ላይና በታጠፉበት ቦታ ሽፋኑ ስለሚሰነጠቅ ፈሳሽ በዚያ ይገባል።

ቤት ውስጥ በፈሳሽም በሙቀትም ፈጽሞ እንዳትሞክሯቸው የምለምናችሁ ነገሮችም አሉ። የድሮ ፎቶግራፍ ላዩ ጄላቲን ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ከዚያም የቀደሙት ኮሎዲዮን የሚባለው ዓይነት አልኮል ሲነካቸው ይሟሟሉ። በእጅ የተሣለ የውሃ ቀለም አትንኩ። በሙቀት የሚታተም ወረቀት፣ እንደ ደረሰኝና አንዳንድ የኮንሰርት ትኬት ያለው፣ በሙቀት ይጠቁራል፤ አልኮልም ያበላሸዋል። በሌዘር ማሽን የታተመ ጽሑፍ ቀለሙ ራሱ ፕላስቲክ ስለሆነ አሴቶን የሚባለው ኃይለኛ ፈሳሽ ያሟሟዋል። ዋጋው ከፍ ያለ ወይም ለእናንተ መተኪያ የሌለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ የወረቀት ጥበቃ ባለሙያ ፈልጉ። እንዲህ የሚሠራ ሰው አለ፤ ሙያው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ መነሳት አለበት ወይ የሚለው ነው። በግሌ ብዙ ጊዜ «ተዉት» እላለሁ። የመጽሐፍ ሻጩ ትንሽ መለያ መጽሐፉ የት እንደተሸጠ ይነግራል። የሐራጅ ቁጥር ያለበት ወረቀት የዕቃውን ጉዞ ይመሰክራል። በሥዕል ጀርባ ያለ የኤግዚቢሽን ምልክት ሙዚየሞች እንደ ሰነድ ይጠብቁታል። በሸክላ ሽፋን ላይ ያለ የቀድሞ ዋጋ እንኳ የዘመኑን ሁኔታ ያሳያል። አንዴ ከተነሳ ይህ መረጃ አይመለስም። ሙጫው የውሃ ከሆነ፣ ካልቆሸሸና ጽሑፍ ካልሸፈነ፣ እኔ ብሆን አልነካውም። ለማንሳት ከወሰናችሁም አስቀድማችሁ ከፊትም ከኋላም በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱት። ስቲከሩ ተሟልቶ ከተነሳም አትጣሉት፤ በትንሽ ፖስታ አድርጋችሁ ከዕቃው ጋር አስቀምጡት።

እሺ፣ ወደ እጅ ሥራው እንግባ።

የመጀመሪያው ሕግ፦ ደረቅ ዘዴ ይቀድማል። ከዚያ ሙቀት። ፈሳሽ የመጨረሻው ነው። ወረቀቱን ጠንካራና ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ከስቲከሩ ሥር ስስ ነገር አስገብታችሁ አንድ ጥግ አንሱ። ስለት የሌለው ስስ የብረት ማንኪያ መሰል መሣሪያ አለ፤ ስፓቱላ ይሉታል። ምላጭ አልመክርም፤ አንዴ ከተንሸራተተ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። ጥጉ ሲነሳ ወደ ላይ አትጎትቱ። ብዙ ሰው ወረቀቱን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ስቲከሩን ወደ ኋላ አጥፉት። በራሱ ጀርባ ላይ ተኝቶ፣ ከወረቀቱ ጋር ጎን ለጎን እስኪሄድ ድረስ እጠፉት። በሌላው እጃችሁ ጣት የሚላቀቅበትን መስመር አጠገቡን ተጫኑ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ወደ ላይ ስትጎትቱ ኃይሉ ሁሉ ቃጫውን ይነቅላል። ተኝቶ ሲሳብ ግን የሚለያየው ሙጫው ነው።

ዓይናችሁ መስመሩ ላይ ይሁን። ነጭ ፀጉር ሲነሳ ካያችሁ ወዲያው አቁሙ። ወደ ሌላው ጥግ ሂዱና ከዚያ ጀምሩ። ያም እንቢ ካለ ሙቀት ጨምሩ። የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ኃይል፣ አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። እጃችሁን እዚያው ቦታ ላይ አድርጉ፤ ለእጅ የሚያቃጥል ከሆነ ለወረቀቱም በዝቷል። ሙቀት ሙጫውን ያለሰልሳል፤ ሲበዛ ደግሞ ያቀልጠውና ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ስለዚህ አሞቁ፣ ትንሽ ሳቡ፣ እንደገና አሞቁ። ማቀዝቀዝም የሚወዱ አሉ። ዕቃውን በታሸገ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡታል፤ ሙጫው ይደርቅና ይሰበራል። አንዳንዴ ይሠራል። የሚያሰጋኝ እርጥበቱ ነው፤ ከወጣ በኋላ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ከረጢቱ መከፈት የለበትም።

ስቲከሩ ወፍራም ወረቀት ከሆነ ሁሉንም በአንዴ ለማንሳት አትታገሉ። የላይኛውን ንጣፍ ገፍታችሁ አውርዱ። ሥሩ ስስ ወረቀትና ሙጫ ይቀራል። አሁን ሙጫውን የምትደርሱበት መንገድ ተከፍቷል።

ለቀረው የሚያጣብቅ ቅሪት ከሁሉ የምወደው ክሬፕ ላጲስ ነው። ከተፈጥሮ ጎማ የተሠራ፣ የጫማ ሶል የሚመስል ቢጫማ ቁራጭ ነው። ሙጫው ከወረቀቱ ይልቅ ይህን ላጲስ ይመርጣል። አትፈትጉት። ነካ እያደረጋችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አንከባሉት። ሙጫው ተጠቅልሎ እንክብል ይሆናል፤ በወረንጦ ታነሱታላችሁ። ክሬፕ ከሌለ ንጹሕ ጣት እንኳ ይሠራል። ተራ የእርሳስ ላጲስ ግን ሻካራ ነው፤ የሕትመት ቀለም ይበላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ወደ ፈሳሽ እንሄዳለን። ከጎማ ለተሠራ ሙጫ ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙት የላይተር ቤንዚን ነው፤ በክር የሚነድ ላይተር ውስጥ የሚሞላው ፈሳሽ። የመኪና ቤንዚን አይደለም፤ እሱ ጭማሪዎች ስላሉት ወረቀት ያቆሽሻል። ባለሙያዎች ከነዳጅ የሚወጣ፣ ሄፕቴን የሚባል ንጹሕ ፈሳሽ ይመርጣሉ። ጥቅማቸው አንድ ነው፤ ውሃ የለባቸውም። ስለዚህ ቃጫው አያብጥም፣ ወረቀቱም አይኮማተርም። የተለመደውን የሕትመት ቀለምም ብዙ ጊዜ አይነኩም። «ብዙ ጊዜ» ያልኩትን ልብ በሉ። አስቀድማችሁ በማይታይ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና በነጭ መምጠጫ ወረቀት ተጫኑት። መምጠጫው ላይ ቀለም ከታየ አቁሙ።

ስቲከሩ ወረቀት ከሆነ ፈሳሹን ከላዩ ላይ አርከፍክፉ፤ ሰርጎ ሙጫው ጋ ይደርሳል። ፕላስቲክ ከሆነ አያሳልፍም፤ ከጠርዙ በጥጥ እየመገባችሁ ቀስ እያላችሁ ታነሳላችሁ። ከሥሩ መምጠጫ ወረቀት አድርጉ። ወረቀቱ ሲርስ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ሆኖ ይታያል። አትደንግጡ፤ ሲተን ይመለሳል። ሙጫው ሲለሰልስ በስፓቱላ ሰብስባችሁ አውጡት። በጥጥ እያሻችሁ አታስፋፉት፤ የሟሟ ሙጫ ከተስፋፋ ከበፊቱ የባሰ እድፍ ይሆናል። መምጠጫውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

አልኮልና አሴቶን የበለጠ ኃይለኛ ናቸው። አክሪሊክን ያለሰልሳሉ። የማህተምና የእስክሪብቶ ቀለምንም አብረው ይወስዳሉ። አልኮል ከተጠቀማችሁ 99 በመቶ የሚለውን ፈልጉ። 70 በመቶው ቀሪው ውሃ ነው፤ ወረቀቱን ያጨማድደዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ቢኖረውም ሽቶና ዘይት ስለሚጨመርበት ለወረቀት አይሆንም።

ለውሃ ሙጫ ደግሞ ውሃውን ለስቲከሩ ብቻ ስጡት። በስቲከሩ ልክ የተቆረጠ እርጥብ መምጠጫ ወረቀት ላዩ ላይ አድርጉ። ወይም ወፍራም የስታርች ሊጥ ቀቡት፤ ሊጡ ውሃውን ቀስ እያለ ይለቃል። በፕላስቲክ ሸፍኑትና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ስቲከሩ ሲያብጥ በስፓቱላ ይንሸራተታል። ከዚያ ቅሪቱን በእርጥብ ጥጥ አንሱ። በመጨረሻ ወረቀቱን በሁለት መምጠጫ መካከል፣ ክብደት ጭናችሁበት አድርቁት። ይህ ለሻካራ ወረቀት ነው፤ ለአንጸባራቂው አይሆንም።

ስለ ዘይት አንድ ነገር ልበል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ለመስታወትና ለፕላስቲክ የሚሠራ ምክር ለወረቀት ሲሰጥ እሰማለሁ። የምግብ ዘይት ቀቡበት፣ ከብርቱካን ልጣጭ የሚሠራውን ማስለቀቂያ ተጠቀሙ፣ የዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ ንፉበት ይላሉ። ሙጫው ይለቃል፣ እውነት ነው። ዘይቱ ግን አይተንም። ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል። አንዱን እድፍ በሌላ መተካት ነው። ከመስታወት ላይ ዘይት ይታጠባል፤ ፖስት ካርድ አይታጠብም።

ስለ ደኅንነት አጭር ነው፣ ግን የግድ ነው። እነዚህ ፈሳሾች ተቀጣጣይ ናቸው። አሴቶን ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ ሩቅ ያለ እሳት ጋ ይደርሳል። መስኮት ክፈቱ። ምድጃ፣ ሻማ፣ ሲጋራ አይኑር። የፀጉር ማድረቂያውንም ከፈሳሹ ጋር በአንድ ጊዜ አትጠቀሙ። ጓንት አድርጉ። የረሰውን ጥጥ ውጭ አየር ላይ እስኪደርቅ አስቀምጡት።

ሙጫው ሄዶ እድፉ ሊቀር ይችላል። ያኔ ቤት ውስጥ ማንጫ አትሞክሩ። ክሎሪን ያለበት ማንጫ ቃጫውን ያዳክመዋል፤ ጉዳቱ ቆይቶ ነው የሚታየው። እድፉን ተቀብሎ መኖር ይሻላል። ዕቃውን ለሌላ ሰው የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ ምን እንደተለጠፈበትና በምን እንዳነሳችሁት ንገሩት። ገዢው የማወቅ መብት አለው። በቴምብር ዓለም ጀርባውን እንደገና ሙጫ ቀብቶ እንዳልተነካ አድርጎ መሸጥ ማጭበርበር ነው። የስፖርት ካርድ ደረጃ የሚያወጡ ድርጅቶችም የተቀየረ ካርድ ሲያገኙ ደረጃ አይሰጡም። ላይ ላዩን ስቲከር ማንሳት እንደዚያ አይቆጠር ይሆናል፤ መደበቁ ግን እምነት ያሳጣል።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልሂድ።

አንዲት እህት በእስክሪብቶ የተፈረመ ፖስት ካርድ አላት። ስቲከሩ ፊርማው ላይ በከፊል ወጥቷል። ምን ላድርግ ትላለች። እህቴ፣ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮልም በአሴቶንም ይሟሟል። ስለዚህ ሁለቱን ተያቸው። ከፊርማው በሚርቀው ጠርዝ በኩል በደረቅ ዘዴ ጀምሪ፤ ፊርማው ጋ ስትደርሺ አቁሚ። የተነሳውን ክፍል በመቀስ ቆርጠሽ ማስወገድ ትችያለሽ። ፊርማው ላይ ያለችውን ቁራጭ ለባለሙያ ተያት።

አንድ ወጣት ደግሞ እርጥበት የነካቸው አንጸባራቂ የመጽሔት ገጾች እርስ በርስ ተጣበቁብኝ ብሏል። ወንድሜ፣ ያ ሙጫ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቅብ ራሱ ነው ተለስልሶ የተጣበቀው። ከደረቀ በኋላ ብዙ ጊዜ መለየት አይቻልም። ጊዜ የሚኖረው ገና እርጥብ ሳለ ነው። እንደዚያ ሲያጋጥምህ እንዲደርቅ ሳትተወው በከረጢት አድርገህ ፍሪዘር አስገባው። ቅዝቃዜው መጣበቁን ያቆመዋል፤ እርዳታ እስክታገኝ ጊዜ ትገዛለህ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ አባት ነው። የቤተሰብ ፎቶዎች በዚያ በ1970ዎቹ በተስፋፋው አልበም ውስጥ አሉ ብለዋል፤ ገጹ ራሱ የሚያጣብቅ፣ ከላይ ፕላስቲክ የሚሸፈንበት። አባቴ፣ ጥያቄዎ ጊዜ የማይሰጥ ነው። ያ ገጽ ሙጫ የተቀባ ካርቶን ነው፤ በቆየ ቁጥር ፎቶውን አጥብቆ ይይዛል። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ እንዳለ ፎቶ ያንሱት፤ ከጎኑ የተጻፈ ስም ካለ እሱም ይታይ። ከዚያ ሰም ያልተቀባ የጥርስ ክር ወስደው ከፎቶው ጥግ ሥር ያስገቡ። ሁለቱን ጫፍ ይዘው፣ ክሩን ከካርቶኑ ጋር አስተኝተው፣ እንደ መጋዝ ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ ይሳቡት። ፎቶው እንዳይታጠፍ፤ ከታጠፈ ላዩ ይሰነጠቃል። ፈሳሽ አይጠቀሙ፣ ሙቀትም አያድርጉበት። የወጡትን ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ባልሆነ የፖሊስተር ከረጢት፣ ከጸሐይና ከእርጥበት ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። እንቢ ያለውን አይታገሉት። ካርቶኑን በፎቶው ዙሪያ ይቁረጡትና ከነጀርባው ያስቀምጡት።